ጎረቤቴ በፈረንሳይኛ ይቆጥራል

እኔ ፈረንሳይ አገር አልሄድኩም፤ ፈረንሳይኛም አልችልም። በልጅነቴ ጎንደር ገጠር፣ ከቄስ እግር ስር ተቀምጬ ኦሪትን በግዕዝ ተማርኩ እንጂ ሌላ ትምህርት የለኝም። ስለ ፈረንሳይ ቅኝ ግዛት መጠየቅ የጀመርኩት እዚህ እስራኤል ከመጣሁ በኋላ፣ ሞሮኮ በተወለደ አንድ ጎረቤቴ ምክንያት ነው።

ጠዋት ጠዋት ከሕንፃችን በታች ካለው ወንበር ላይ አብረን ፀሐይ እንሞቃለን። እሱ ሲጸልይ በዕብራይስጥ፣ ሲቆጣ በዐረብኛ፣ ገንዘብ ሲቆጥር ግን በፈረንሳይኛ ነው። አንድ ቀን በስብርብር ዕብራይስጤ «አንተ ሰው፣ ስንት አፍ ነው ያለህ?» አልኩት። ሳቀና «ቁጥር ያስተማሩኝ በፈረንሳይኛ ነው፤ የእናቴ አፍ ግን ዐረብኛ ነው» አለኝ። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «ተማሪ ሳለሁ እናቴ መንገድ ላይ በዐረብኛ ጠራችኝ። ጓደኞቼ እንዳይሰሙ አፍሬ፣ እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኳት» ሲል ጨመረልኝ።

ይህ ነገር ከልቤ አልወጣም። የልጅ ልጄ በዕብራይስጥ ከመጽሐፍ እያነበበች፣ እናቷ ወደ አማርኛ እየመለሰችልኝ ታሪኩን ሰማሁ። ዘመኑን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ፈረንሳይ አልጀርስን የያዘችው በ1830 ነው። ቱኒዚያን በ1881፣ ሞሮኮን በ1912 «እጠብቃችኋለሁ» እያለች ከእጇ አስገባች። በምዕራብ አፍሪካ ደግሞ ብዙ አገሮችን ባንድ ጠቅልላ ከዳካር ትገዛ ነበር። መሬቱን የያዘው ጠመንጃ ነው፤ ልጆቹን የያዘው ግን ትምህርት ቤት ነው። በሴኔጋል፣ ሴን ልዊ በምትባል ከተማ፣ ፌዴርብ የተባለ ገዥ በ1850ዎቹ «የመያዣዎች ትምህርት ቤት» የሚባል ከፈተ። የባላባት ልጆች እዚያ ገቡ፤ አባቶቻቸው እንዳያምፁ መያዣ ሆኑ፤ እነሱም ፈረንሳይኛ ተምረው አስተርጓሚና ሹም እንዲሆኑ ተደረገ። እኛ ሽማግሎች ይህ አይጠፋንም፤ ምኒልክም በልጅነቱ በቴዎድሮስ እጅ መቅደላ ተይዞ ነበር።

ከዚያ በኋላ በምዕራብ አፍሪካ በብዙ ትምህርት ቤት የእናቱን ቋንቋ ሲናገር የተገኘ ልጅ አንገቱ ላይ የእንጨት ቁራጭ ወይም ሌላ የሚያሳፍር ነገር ይንጠለጠልበት ጀመር። «ሲምቦል» ይሉታል። ልጁ ከአንገቱ የሚያወርደው ሌላ ልጅ እንደሱ ሲናገር ይዞ ሲያስተላልፍ ነው። እንዲህ ሆኖ ልጅ የልጅ ሰላይ ሆነ።

የተማረውም ቢሆን ሁልጊዜ አልዳነም። የአልጄሪያ አይሁድ በ1870 በአዋጅ የፈረንሳይ ዜጋ ሆኑ፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ግን አልሆኑም። አይሁዱ ቋንቋውን ተማሩ፣ ልጆቻቸውን በፈረንጅ ስም ጠሩ። በ1940 የቪሺ መንግሥት ያንን ዜግነት ነጠቃቸው። ኋላ ቢመለስላቸውም፣ ሰው የሌላውን አፍ ስለተናገረ ብቻ የቤት ልጅ እንደማይሆን አዩት።

እውነቱን ለመናገር ቋንቋው ጥቅምም ሰጥቷል። ሴንጎር በፈረንሳይኛ ግጥም ጽፎ በ1960 የሴኔጋል የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። በዚያው ዓመት ነፃ የወጡት አገሮች ብዙዎቹ ፈረንሳይኛን የመንግሥት ቋንቋ አድርገው አቆዩት፤ ባንድ አገር ብዙ ቋንቋ ስላለ አንዱን መምረጥ ጠብ ያመጣ ነበር። ማሊ ግን በ2023 ከዚያ ቦታ አውርዳ የሥራ ቋንቋ ብቻ አደረገችው፤ የአገሩን ቋንቋዎች ከፍ አደረገች።

ይህን ስሰማ በፈረንሳይ መፍረድ ቀለለኝ። ኋላ ግን አያቴ ትዝ አለችኝ። አያቴ ቋርኛ ትናገር ነበር፤ የአገው ቋንቋ ነው። እኔ ግን ከእሷ ጥቂት ቃል እንኳ አልያዝኩም። ማንም አንገቴ ላይ እንጨት አላንጠለጠለብኝም። ገበያው በአማርኛ፣ ዳኛው በአማርኛ ስለነበር ቀስ በቀስ ተውነው። በጸሎታችን ውስጥ የአገው ቃላት እስካሁን አሉ፤ ቄሶቹ ሲያዜሙ አሜን እንላለን፣ ትርጉሙን ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። እኔም እንደ ጎረቤቴ ነኝ ማለት ነው፤ አያቴ ስትጠራኝ አልሰማሁም።

አሁን ደግሞ ተራው የአማርኛ ሆኗል። እኔና የልጅ ልጄ ያለ እናቷ አስተርጓሚነት ብዙ አናወራም። ስለዚህ ከጎረቤቴ ጋር ከተጫወትን በኋላ አንድ ነገር ጀመርኩ። አርብ ከሰዓት፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ዳቦውን ስንቆርስ በአማርኛ አስቆጥራታለሁ። ሰባት ላይ ትሳሳታለች፤ እንደገና እንጀምራለን።

ልጆቼ፣ ዕብራይስጥን ተማሩ፤ እንጀራችሁ እሱ ነው። እንግሊዝኛም ፈረንሳይኛም ጨምሩ፤ አፍ ቢበዛ አይከብድም። ብቻ አያታችሁ በመንገድ ላይ በአማርኛ ሲጠራችሁ ቆማችሁ «አቤት» በሉ።