የአሞሌው አገር ሌላው ጨው

አሞሌ ጨው በአገራችን የንግድ ታሪክ ውስጥ ያለው ስፍራ ለአንባቢያን የተሰወረ አይደለም። ከአፋር ዝቅተኛ ሜዳ እየተጠረበ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ፣ የትግራይን ዳገት ወጥቶ፣ ከገበያ ወደ ገበያ እየተላለፈ እስከ ከፋ የቡና ምድር ድረስ በገንዘብነት ያገለግል ነበር። ከምንጩ በራቀ መጠን ዋጋው ይጨምር ስለነበር፣ የአሞሌው ሀብትነት ከጨውነቱ ይልቅ በተደከመበት ድካም ላይ የተመሠረተ ነበር ለማለት ይቻላል።

በዚያው ሜዳ፣ በዳሎል አካባቢ፣ ማግኒዥየም ክሎራይድ የተባለ ሌላ ጨው አለ። እ.ኤ.አ. በ1918 ከመርሳ ፋጥማ ወደብ ወደ ዳሎል አቅጣጫ የባቡር ሐዲድ የዘረጉት ኢጣሊያኖች የፈለጉት ፖታሽን ነበር። ማግኒዥየሙ ግን ከፖታሽ ጋር ተጣምሮ ካርናላይት በተባለው ማዕድን ውስጥ ይገኛል። ጥቁር ተራራ በሚባለው ቦታም ትኩስ ጨዋማ ውሃ ፈልቆ ሲቀዘቅዝ ቢሾፋይት ሆኖ ይረጋል።

አሞሌ ደረቅ ጨው ነው፤ ቢሾፋይት ግን ውሃውን በውስጡ አስሮ የያዘ ነው። በ100 ኪሎ ግራም ንጹሕ ቢሾፋይት ውስጥ 53 ኪሎው ውሃ ሲሆን ማግኒዥየሙ 12 ኪሎ ብቻ ነው። ከስድስቱ የውሃ ሞለኪውሎች አራቱ በሙቀት ያለ ብዙ ችግር ይለቃሉ። የቀሩት ሁለቱ ግን ሲሞቁ ጨዉን ራሱን ያፈርሱታል፤ ክሎሪኑ ሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ ሆኖ ይወጣል፤ ማግኒዥየሙም ወደ ኦክሳይድነት ያዘነብላል። ኦክሳይዱ በቀለጠው ጨው ውስጥ ስለማይሟሟ በኤሌክትሮሊሲሱ ገንዳ ግርጌ ዝቃጭ ሆኖ ይከማቻል፤ ብረቱን ይይዛል፤ ኤሌክትሪኩንም ያባክናል።

እንግዲህ የዚህ ኢንዱስትሪ ታሪክ በአብዛኛው ከእነዚህ ሁለት ሞለኪውሎች ጋር የተደረገ ትግል ታሪክ ነው። ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1833፣ ቡንሰንም በ1852 ማግኒዥየምን ከቀለጠ ክሎራይድ በኤሌክትሪክ ለዩ። በ1886 በጀርመን አገር በሄመሊንገን የተነሳው ፋብሪካ ካርናላይትን መረጠ፤ ምክንያቱም ከፖታሲየም ክሎራይድ ጋር የተጣመረው ጨው ውሃውን ሲለቅ የመፍረስ ዝንባሌው ያነሰ ነው። በኋላም አሠራሩ በሁለት ደረጃ ተከፈለ። መጀመሪያ ጨዉ በትኩስ አየር ይደርቃል፤ ቀጥሎ ይቀልጥና ክሎሪን በካርቦን አጋዥነት በውስጡ ሲያልፍ የቀረው ውሃ ይወገዳል፤ የተፈጠረውም ኦክሳይድ ወደ ክሎራይድነቱ ይመለሳል።

ሌሎች ሌላ መንገድ ሄዱ። የአሜሪካው ዳው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ በቴክሳስ ፍሪፖርት ከባሕር ውሃ ያገኘውን ጨው በከፊል ብቻ አድርቆ ወደ ገንዳው ጨመረ፤ ዕዳውንም በግራፋይት አኖዶች መበላት ከፈለ። የኖርዌዩ ኖርስክ ሃይድሮ ጨዉን አድቦልቡሎ በሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ ውስጥ አደረቀ። ዛሬ አብዛኛውን የዓለም ማግኒዥየም የምታመርተው ቻይና ደግሞ በፒጆን ዘዴ ዶሎማይትን በፌሮሲሊከን እየቀነሰች ችግሩን ጭራሹን አልፋዋለች።

ለዳሎል የሚቀርበው ምሳሌ ግን በሙት ባሕር ዳርቻ በሰዶም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በካርናላይት ላይ የተመሠረተው ፋብሪካ ነው። ሁለቱም ከባሕር ወለል በታች ያሉ፣ ሞቃትና ጨዋማ ሥፍራዎች ናቸው። ልዩነቱ ማዕድኑ ላይ አይደለም፤ ክሎሪን በሚችል እቶን፣ በማያቋርጥ ኤሌክትሪክና በሠለጠነ ባለሙያ ላይ ነው። ስለሆነም ስለ ዳሎል ሀብት በተወሳ ቁጥር ከቶኑ ብዛት አስቀድመን ልንጠይቀው የሚገባን፣ «የመጨረሻዎቹን ሁለት ሞለኪውሎች በምን እናስወጣለን?» የሚለውን ነው። አሞሌን ገንዘብ ያደረገው ድካም ነበር፤ ይህንንም ጨው ብረት የሚያደርገው ሌላ አይሆንም።