የጭሰኛው ግድግዳ
የኪራይ ቤት እድሳት ታሪክ፣ ከዋግ ደጋ ተነሥቶ

በዋግ ደጋ ድንጋይ ሞልቶ ተርፏል፤ ለምሰሶና ለወራጅ የሚሆን እንጨት ግን እንደልብ አይገኝም። በመሆኑም የአገሩ ሰው ቤቱን በድንጋይና በጭቃ ሲያንጽ ኖሯል። የድንጋይ ግድግዳ አንዴ ከቆመ በኋላ በቀላሉ አይገፋም። ስለዚህ ቤትን ማሻሻል ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ውስጡን መልሶ መደልደል ነበር። ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የሚሠራው መደብ ቀን መቀመጫ፣ ሌሊት መኝታ ይሆናል። ከጭቃና ከጭድ የሚበጀው ጎታ እህል ከመያዙም ሌላ ጓዳውን ከእልፍኙ ይለያል። ቆጡ ከራስ በላይ ያለውን ባዶ ቦታ ለዕቃ ያውላል። ጎታው ወደ ጥግ ሲጠጋ ጓዳው ይሰፋል፤ መደቡ ሲረዝም ለአንድ እንግዳ ማደሪያ ይተርፋል። በሰቆጣ አቅራቢያ የሚገኘውን ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ከአለት ፈልፍለው ያወጡ ጠቢባንም ክፍል የሚገኘው በመጨመር ብቻ ሳይሆን በመቀነስም ጭምር መሆኑን በሥራቸው አሳይተዋል።

ይሁን እንጂ የጥበቡ ነገር ከይዞታው ነገር ተለይቶ ሊታይ አይችልም። ርስተኛው ለልጅ ልጅ እንደሚተርፍ እያወቀ ድንጋይ ይደረድር ነበር። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ግን ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሙስሊሙ ነጋዴ በአብዛኛው ከርስት የተገለሉ ነበሩ፤ በሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ ነበር። «ጭሰኛ» የሚለው ስም ራሱ ነገሩን ይናገራል፤ ከምድጃው የሚወጣው ጭስ የእርሱ ነው፤ ምድጃው ያረፈበት መሬት ግን የሌላ ነው። ጭሰኛ ግድግዳውን ይመርጋል፣ ወለሉን በእበት ይለቀልቃል፤ የነገን ማደሪያውን ሳያውቅ ግን አዲስ መሠረት አይጥልም። ይህንን ስንፍና ብሎ የፈረደበት ሰው ሥርዓቱን ሳይሆን ሰውዬውን መውቀሱ ነው።

ሰቆጣ የዋግ ሹሞች መቀመጫ ነበረች፤ ከዚሁ ቤት የተነሡት ዋግ ሹም ጎበዜም ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥትነት ገዝተዋል። የአሞሌ ጨው ገበያዋም ከሩቅ አገር ነጋዴ ይስብ ነበር። ገበያ ባለበት ማደሪያ የሚፈልግ ሰው አለ፤ ከተሞቻችን እየሰፉ ሲሄዱም የጭሰኛው ጥያቄ በተከራዩ ዘንድ እንደገና ተነሣ። በአዲስ አበባ መሬትና ቤት በጥቂት ሰዎች እጅ በነበረበት ዘመን ተከራይ በገዛ ገንዘቡ ጣራ ቢያስጠግን፣ ግድግዳ ቢያስለስን፣ ቤቱ አምሮ በታየ ማግስት የኪራይ ጭማሪ ሊጠየቅ ይችል ነበር። ለራሱ ድካም ራሱ ይከፍላል ማለት ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ፈቀደ፤ የዝቅተኛ ቤቶችን ኪራይ ቀነሰ፤ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጠው ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ተከራዩ ከማስለቀቅ ሥጋት እፎይ በማለቱ በአንዲት ክፍል ውስጥ ብዙ ጥበብ ፈሰሰ። መጋረጃ መኝታን ከሳሎን ለየ፤ አቡጀዲ ተወጥሮ ኮርኒስ ሆነ፤ ጋዜጣ ተለጥፎ የጭቃውን ግድግዳ ሸፈነ፤ በጓሮ በኩል በቆርቆሮ የተከለለች ማድ ቤት ተቀጠለች። ነገር ግን የተቀነሰው ኪራይ ለጥገና የሚበቃ አልነበረም። ባለቤት የሆነው መንግሥት አላደሰም፤ የሚኖርበት ሰው ደግሞ ከፈቃድ ውጭ ዐቢይ ሥራ ለመሥራት አልደፈረም። ምሰሶው በምስጥ ሲበላ ሁለቱ እርስ በርስ ይጠባበቁ ነበር። አዋጁ የባለቤቱን ስም ለወጠ እንጂ የአዳሹን ጥያቄ አልመለሰም።

የነዋሪ እጅ ለቤት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ዋግ በመራራ መንገድ አይቶታል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ብዙ ሕዝብ ቀዬውን ጥሎ በእግሩ ወደ ቆረም ተሰደደ። ጣራው የማይጠገን፣ ግድግዳው የማይመረግ ቤት ዝናብ ጭቃውን ሲያጥበው ድንጋዩ ብቻውን ሊቆም አይችልም። የቤት ዋጋ ማለት እንግዲህ በየክረምቱ የሚታደስ የነዋሪ ድካም ጭምር ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብና ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ሁለት ዓመት መደብ ለማስረዘምና ኮርኒስ ለመወጠር ይበቃል፤ መሠረት ለመጣል ግን አይበቃም። ስለዚህ አከራይና ተከራይ አንድ ድንጋይ ከመነሣቱ በፊት ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ ከኪራዩ ምን ያህል እንደሚታሰብ በውላቸው ላይ ቢያሰፍሩ ነገሩ መልክ ይይዛል። ያ እስኪሆን ድረስ ተከራይ ከጭሰኛው የወረሰውን ጥንቃቄ ይዞ ይኖራል፤ ግድግዳውን ይመርጋል፣ ድንጋዩን ግን አይነካም።