የታክስ ተመላሽ፦ የማንነት መረጃን ማረጋገጥ እና የክፍያ መዘግየት

በፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት፣ ታክስ ከፋዩ አስቀድሞ የከፈለው ወይም ከክፍያ ላይ ተቀንሶ የተያዘበት ታክስ ከሚፈለግበት ታክስ ከበለጠ፣ ብልጫው በቅድሚያ ላልተከፈለ የታክስ ዕዳው መክፈያ ይውላል። ቀሪው ገንዘብ የታክስ ማስታወቂያው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ በ90 ቀናት ውስጥ ተመላሽ ይደረግለታል።

ተመላሹ ሊዘገይ ከሚችልባቸው ምክንያቶች አንዱ የማንነት መረጃዎች አለመጣጣም ነው። በታክስ ከፋይ መለያ ቁጥር፣ በፋይዳ መታወቂያ እና በባንክ ሒሳብ የተመዘገቡት ስሞች ካልተመሳሰሉ፣ ገንዘቡ ለትክክለኛው ባለመብት መከፈሉን ማረጋገጥ አዳጋች ይሆናል። ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ የሚፈጠር የአንድ ፊደል ልዩነት ወይም የአያት ስም መጓደል እንኳ ለተጨማሪ ማጣራት ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ታክስ ከፋዮች የሚከተሉትን እንዲያደርጉ ይመከራል፦

• የታክስ ማስታወቂያ ከማቅረባቸው በፊት ሦስቱን መረጃዎች ማመሳከር፤
• ልዩነት ካገኙ በተመዘገቡበት ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ቀርበው ማስተካከል፤
• ተቀንሶ ለተያዘባቸው ታክስ የተሰጣቸውን ደረሰኝ እና ማስታወቂያውን ያቀረቡበትን ማስረጃ ጠብቆ መያዝ፤
• በስልካቸው የሚደርሳቸውን የማረጋገጫ ቁጥር «ጉዳይ እናስፈጽማለን» ለሚሉ ግለሰቦች አለመስጠት።

የ90 ቀናቱ ጊዜ ካለፈ ታክስ ከፋዩ የመዘግየቱን ምክንያት ለቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ሊጠይቅ ይገባል። አዋጁ ከዚህ ጊዜ በላይ ለዘገየ ተመላሽ ወለድ እንደሚታሰብ ስለሚደነግግ፣ ማስታወቂያው የቀረበበትን ቀን የሚያሳየውን ማስረጃ ከጥያቄው ጋር አያይዞ ማቅረብ ያስፈልጋል።