ከምጣድ ማሟሸት እስከ ፕሮሰሰር ቅባት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በመልካ ቁንጥሬ አዋሽን ተሻግሮ ወደ ቡታጅራ የሚያመራ መንገደኛ ጥያን የሚያውቃት በትክል ድንጋዮቿ ነው። ቁጥራቸው 36 ሲሆን 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው፤ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በአካባቢው በሚገኙት የሶዶ ጉራጌ ቤቶች ግን በየትኛውም መዝገብ ያልሰፈረ ሌላ ዕውቀት አለ። አዲስ የሸክላ ምጣድ ከገበያ እንደመጣ አይጋገርበትም፤ አስቀድሞ ይሟሻል። እሳት ላይ ተጥዶ በተወቀጠ ጎመን ዘር ደጋግሞ ይታሻል፤ ዘይቱም ለዓይን የማይታዩትን የሸክላውን ቀዳዳዎች እየሞላ ፊቱን ያጠቁረዋል፣ ያለሰልሰዋል። ቆጮ ሲጋገር ደግሞ ሊጡ በእንሰት ቅጠል ይጠቀለላል፤ ቅጠሉ በምጣዱና በሊጡ መካከል ገብቶ የእሳቱን ኃይል ያበርደዋል፣ ሊጡን ከማረር ያድነዋል።

እነዚህ ሁለት ልማዶች ተመሳሳይ ቢመስሉም ሥራቸው ተቃራኒ ነው። ቅባቱ ክፍተት ይሞላል፤ ቅጠሉ ሙቀት ይከላከላል። እርግጥ ነው፣ ምጣድ የሚሟሸው በተለይ እንጀራው እንዳይያዝ እንጂ ሙቀት እንዲፈጥን ተብሎ አይደለም። ይሁን እንጂ በኮምፒዩተር ፕሮሰሰርና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል የሚቀባው ነገር ታሪክ በሙሉ የሚያጠነጥነው በዚሁ ልዩነት ላይ ነው።

ብረት የቱንም ያህል ቢወለወል ፊቱ በማጉያ መነጽር ሲታይ ተራራና ሸለቆ ነው። ሁለት ብረቶች ሲገጣጠሙ የሚነካኩት በጫፍ በጫፎቻቸው ብቻ ሲሆን በቀረው ስፍራ ሁሉ አየር ይቀመጣል። አየር ደግሞ ሙቀትን በማስተላለፍ ረገድ እጅግ ሰነፍ ነው። መዳብ በተለመደው መለኪያ 400 ያህል ሲሆን፣ ተራው የሙቀት ቅባት 1 ገደማ፣ አየር ግን 0.026 ብቻ ነው። ስለዚህ ቅባቱ ከአየር በብዙ እጥፍ ይሻላል፤ ከመዳቡ ግን በመቶዎች እጥፍ ያንሳል። ከዚህ የምንረዳው ቅባቱ የተፈለገው አየሩን እንዲያስወጣ እንጂ በብረቱ ቦታ እንዲተካ አለመሆኑን ነው። በስሱ ሲቀባ ያሟሻል፤ ሲወፍር ግን የእንሰት ቅጠል ይሆናል።

በ1946 እ.ኤ.አ. በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ 18,000 ያህል የቫኪዩም ቱቦዎች ነበሩት፤ 150 ኪሎዋት ያህል ኃይልም ይፈጅ ነበር። ቱቦዎቹ በማራገቢያ ነፋስ ይቀዘቅዙ ስለነበር ቅባት አላሻቸውም። ነገሩ የተለወጠው ትራንዚስተር ሲመጣ ነው። የኃይል ትራንዚስተሮችን ከብረት ሰሌዳ ጋር የሚያስሩ የራዲዮ ባለሙያዎች በሲሊኮን ዘይት የተለወሰ የዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት መቀባት ለመዱ። ዛሬም በየጥገና ቤቱ የሚታየው ነጭ ቅባት የዚያው ዘር ነው።

የጥያ ድንጋዮች በዓለም ቅርስነት በተመዘገቡበት በ1980 እ.ኤ.አ. አይቢኤም 3081 የተባለውን ታላቅ ኮምፒዩተር አስታወቀ። በዚህ መሣሪያ ውስጥ ከመቶ የሚበልጡ ቺፖች በአንድ የሴራሚክ ሰሌዳ ላይ ተደርድረው፣ በእያንዳንዳቸው ጀርባ በሞላ የሚገፋ የአሉሚኒየም ፒስተን ያርፍባቸው ነበር። በመካከል የሚቀረውን ክፍተት የሚሞላው ሄሊየም ጋዝ ነበር፤ ከአየር ስድስት እጥፍ ያህል ሙቀት ያስተላልፋልና። ከበላዩ ቀዝቃዛ ውሃ ይዘዋወራል። መፍትሔው ድንቅ ነው፤ ዋጋው ግን ለመንግሥታትና ለታላላቅ ባንኮች እንጂ ለጠረጴዛ ኮምፒዩተር የሚሆን አልነበረም።

የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ለጊዜው ችግሩ አልነካውም። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢንቴል 486 በመጀመሪያ ዘመኑ ባብዛኛው ያለ ማቀዝቀዣ ብረት ይሠራ ነበር። በ1993 የመጣው ፔንቲየም ግን እስከ 16 ዋት የሚደርስ ሙቀት ስላወጣ ብረትና ማራገቢያ ግድ ሆነ፤ ነጩም ቅባት ከራዲዮ ቤት ወደ ኮምፒዩተር ቤት ተሻገረ። በዚያ ዘመን ከነበሩት ፕሮሰሰሮች አንዳንዶቹ ማቀዝቀዣቸው ቢላቀቅ በሰከንዶች ውስጥ ተቃጥለው ይቀሩ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ባብዛኛው ሙቀታቸውን ራሳቸው እየለኩ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ።

ይህ መሻሻል አንድ ስውር ጉዳት ይዞ መጣ። ቀድሞ ቅባቱ የደረቀበት መሣሪያ ይቃጠል ስለነበር ጥፋቱ ይታወቅ ነበር፤ አሁን ግን ይዘገያል እንጂ አይጮኽም። ባለቤቱም «አርጅቷል» ብሎ ይጥለዋል ወይም በርካሽ ይሸጠዋል። አንድ ኮምፒዩተር በብዙ ድካም ለሚገዛበት የገጠር ከተማ ጽሕፈት ቤት ወይም ትምህርት ቤት ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ጥያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚያ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። የመንገዱ አቧራ ይጨመርበታል። መብራት እየጠፋ ሲመጣ ደግሞ ብረቱ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር እየሰፋና እየጠበበ ቅባቱን ወደ ጠርዝ ይገፋዋል። ለባሕር ጠረፍ ከተማ የሚበቃ ሥራ ለደጋው አይበቃም።

ስለ ምርጫው ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ፣ ሴራሚክ ወይም ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቅባት ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ጋሊየም ያለበት ፈሳሽ ብረት ከሁሉ ይበልጣል ቢባልም አሉሚኒየምን ይበላል፤ ማቀዝቀዣው የመዳብ መሆኑን ያላረጋገጠ ሰው ባይነካው ይሻላል። በቸገረ ጊዜ የጥርስ ሳሙና የሚቀቡም አሉ፤ እርጥበቱ እስኪደርቅ ድረስ ያታልላል፣ ከዚያ በኋላ መሣሪያው እንደገና ይከፈታል።

ከምርጫው ይልቅ የሚያስቸግረው አቀባቡ ነው። አሮጌው ቅባት በአልኮልና ጭረት በማያወጣ ጨርቅ ከሁለቱም ገጾች ይጠረጋል። ለተለመደው ፕሮሰሰር የአተር ፍሬ የምታህል ጠብታ በመካከሉ ታርፋለች፤ የሚዘረጋት የብረቱ ክብደትና የብሎኑ ጥብቀት ነው። ብሎኖቹ በሰያፍ ተራ በተራ ጥቂት በጥቂት ይጠብቃሉ፤ አንደኛው ወገን ቀድሞ ከጠበቀ ቅባቱ ወደ ሌላው ወገን ይሸሻልና። መሣሪያው ከተገጠመ በኋላ ከባድ ሥራ ተሰጥቶት ግማሽ ሰዓት ያህል ሙቀቱ ይታያል። አሁንም ከጋለ ብረቱ ተነሥቶ አሻራው ይመረመራል፤ በመካከሉ ባዶ ሆኖ የቀረ ክብ ካለ አየር የተቀመጠው እዚያ ነው።