የሰውነት እሳትና የድካም ዋጋ

ለነርሲንግ ተማሪዎች ፊዚዮሎጂ አስተምራለሁ። ሰውነት ኃይል የሚያመነጭበት ምዕራፍ ላይ ስደርስ ከማይቶኮንድሪያ አልጀምርም፤ በፓሪስ፣ በበረዶ ከተከበበች አንዲት ጊኒ ፒግ እጀምራለሁ።

የኬሚስትሪ ሊቁ አንቷን ላቮይዝዬና የሒሳብ ሊቁ ላፕላስ የሠሩት ዕቃ እንስሳዋን ዙሪያዋን በበረዶ ይከባል። የክፍሉ ሙቀት ያንን በረዶ እንዳይነካው ከውጭ ሌላ የበረዶ ሽፋን አለ፤ ስለዚህ ከሥር የሚንጠባጠበው ውኃ የእንስሳዋ ሙቀት ብቻ ያቀለጠው ነው። በ10 ሰዓት ውስጥ 13 አውንስ ያህል ቀለጠ። ጊኒ ፒግ በዚያው ጊዜ የምትተነፍሰውን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሰጥ ከሰል ቢነድ ደግሞ ከ10 አውንስ ጥቂት የሚበልጥ በረዶ ያቀልጣል። ቁጥሮቹ አልገጠሙም፤ ሁለቱም ይህን አልሸሸጉም። በበረዶ መካከል የቆየ እንስሳ እጅና እግሩ እንደሚቀዘቅዝ ጠቅሰው ልዩነቱን ለመረዳት ሞክረዋል። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ1783 መተንፈስ ዝግ ብሎ መንደድ መሆኑን ለመናገር መቀራረቡ በቃቸው።

እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በ1789 እና በ1790 ላቮይዝዬ በፓሪሱ አርሰናል በነበረው ቤተ ሙከራው አርማን ሴጋን የተባለ ወጣት ባልደረባውን ጭምብል አስጠልቆ የሚስበውን ኦክስጅን ለካ። ሴጋን ሳይበላ ዐርፎ ተቀመጠ፣ በብርድ ተቀመጠ፣ በልቶ ተቀመጠ፣ በእግሩ ፔዳል እየረገጠ ክብደት አነሣ። ብርዱ ፍጆታውን በጥቂቱ ጨመረው፤ ምግቡ ከዚያ ይበልጥ፤ ሥራው ደግሞ ከሁለት እጥፍ በላይ። የልብ ምቱና ትንፋሹ ፈጠነ፣ የሰውነቱ ሙቀት ግን ከሞላ ጎደል ባለበት ጸና። የላቮይዝዬ ባለቤት ማሪ አን ሙከራውን በሥዕል አስቀርታልናለች፤ ራሷም በሥዕሉ ውስጥ ጠረጴዛ ይዛ ስትመዘግብ ትታያለች።

ላቮይዝዬ ከዚህ ተነሥቶ ሰውነትን ሦስት ነገሮች እንደሚያስተካክሉት ጻፈ። ትንፋሽ ያነድዳል፤ በቆዳና በሳንባ የሚወጣው እርጥበት ትርፉን ሙቀት ይወስዳል፤ የሚፈጨው ምግብ የነደደውን ይተካል። ክሎድ ቤርናር ስለ ሰውነት ውስጣዊ አካባቢ ከመጻፉ፣ ዋልተር ካነንም ሰውነት ውስጡን አጽንቶ ለመያዙ ሆሞስታሲስ የሚለውን ስም ከማውጣቱ በፊት፣ ሐሳቡ እዚህ ላይ እንደበቀለ አምናለሁ።

በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ለተማሪዎቼ ሳልነግራቸው የማላልፈው ነገር አለ። በጉልበቱ የሚያድር ሰው ተቀምጦ ከሚውል ባለጠጋ የበለጠ ያነድዳል፤ ታዲያ የተትረፈረፈው ማዕድ የሚቀርበው ለማያስፈልገው የሆነው ስለ ምን ነው ሲል ላቮይዝዬ ጠየቀ። ጥፋቱንም ከተፈጥሮ ላይ አንሥቶ ሰዎች ካቆሙት ሥርዓት ላይ ጣለው። ንግግር የሚያደርግን፣ ሙዚቃ የሚጫወትን፣ የሚጽፍን ሰው ድካም እንኳ በክብደት ማንሣት ልክ ማስላት ይቻላል ብሎ አሰበ። የትንፋሽ ልኬት ወደ እንጀራ ጥያቄ ሲሸጋገር ከዚህ በፊት አላየሁም። በየሕንፃው መወጣጫ ድንጋይና አሸዋ ተሸክመው የሚወጡ የቀን ሠራተኞችን ባየሁ ቁጥር የሴጋን ፔዳል ትዝ ይለኛል፤ ያ ጥያቄ ዛሬም መልስ ይፈልጋል።

ላቮይዝዬ እሳቱ የሚነድበትን ቦታ ግን በትክክል አላወቀውም፤ ሳንባ መስሎት ነበር። በየሕዋሱ እንደሆነ ለመረዳት አንድ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ፈጀ፤ ሕዋስ ለኃይል የሚገለገልበት ሞለኪውል ኤቲፒ የተገኘውም በ1929 ነው።

ስለ ድሃው ማዕድ የጠየቀው ላቮይዝዬ ራሱ ግን ንጉሡን ወክሎ ግብር በሚሰበስበው ኩባንያ ውስጥ ድርሻ ነበረው፤ ድሃውን ያስመረረው ግብር ለቤተ ሙከራው ጭምር ገንዘብ ሆኗል። ይህንንም ለተማሪዎቼ አልደብቅም። በዚሁ ሰበብ ግንቦት 8 ቀን 1794 እ.ኤ.አ. በጊሎቲን አንገቱ ተቀላ። ማሪ አን የቀሩትን ጽሑፎቹን ሰብስባ አሳተመችና ለሊቃውንት አደለች።