መሰናዶው ዓመት፦ የአሜሪካ ባህልና ታሪክ ጥናት በቱርክ ዩኒቨርሲቲዎች

በቱርክ «የአሜሪካ ባህልና ሥነ ጽሑፍ» በሚል ስያሜ የሚታወቀው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍል የአራት ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጥበት ሲሆን፣ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ወደዚህ ክፍል የተመደበ ተማሪ መደበኛውን ትምህርት ከመጀመሩ በፊት የእንግሊዝኛ ችሎታውን በፈተና ማስመስከር፣ ፈተናውን ካላለፈም አንድ ሙሉ ዓመት ቋንቋውን ብቻ ሲማር መቆየት ይጠበቅበታል። ይህ ዓመት በቱርክኛ «ሃዝርልክ» ይባላል፤ ፍቺውም ዝግጅት ወይም መሰናዶ ማለት ነው። መሰናዶ ሲባል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቶሎ የሚታወሰው ከዩኒቨርሲቲ በፊት ያለው የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ትምህርት ቢሆንም፣ የቱርኩ መሰናዶ ግን ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ የሚያሳልፈውና ከአራቱ ዓመታት ውጭ የሚቆጠር ነው። ዓመቱ በዋናው ትምህርት ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ተጨማሪ ሸክም ይምሰል እንጂ ታሪኩ ከትምህርት ክፍሉ ታሪክ በብዙ ይቀድማል፤ ምክንያቱም በቱርክ ምድር አሜሪካ የጥናት ርዕስ ከመሆኗ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ አስተማሪ ሆና ገብታ ነበር፤ ለዚህ አስተማሪ ቋንቋ የሚዘጋጁ ተማሪዎችም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነበሩ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

በውጭ ቋንቋ መማር ወደ ኦቶማን መንግሥት የገባው በአሜሪካውያን አማካይነት አልነበረም። ሱልጣን ማህሙድ ሁለተኛ በ1830ዎቹ መጨረሻ በኢስታንቡል አዲሱን የሕክምና ትምህርት ቤት ሲመርቁ ትምህርቱ በፈረንሳይኛ እንደሚሰጥ ለተማሪዎቹ አስታውቀው፣ ዓላማው ግን ፈረንሳይኛን ማወቅ ሳይሆን የሕክምናን ዕውቀት ቀስ በቀስ ወደ አገር ቋንቋ መመለስ መሆኑን ገልጸው ነበር። በዚህ አስተሳሰብ የውጭ ቋንቋ ወንዝ እስኪሻገሩበት ድረስ ብቻ የሚያስፈልግ ድልድይ ነው። በ1868 የተከፈተው የጋላታሳራይ ሱልጣናዊ ትምህርት ቤትም አብዛኛውን ትምህርቱን በፈረንሳይኛ ይሰጥ ስለነበር፣ ዘመናዊ ዕውቀት የሚሻ የኦቶማን ወጣት አስቀድሞ ቋንቋ መማር እንዳለበት የሚቀበል ልማድ ከእንግሊዝኛ መስፋፋት በፊት ሥር ይዞ ነበር ማለት ይቻላል።

አሜሪካውያኑ የመጡት በሃይማኖት በኩል ነው። በ1810 የተቋቋመውና መቀመጫው ቦስተን የነበረው የፕሮቴስታንት ሚስዮን ድርጅት፣ በተለምዶ «የአሜሪካ ቦርድ» የሚባለው፣ የመጀመሪያዎቹን መልእክተኞች ፕሊኒ ፊስክንና ሌቪ ፓርሰንስን በ1819 ወደ ኢዝሚር ላከ። ሚስዮናውያኑ በተከታዮቹ አሥርት ዓመታት ማተሚያ ቤትና ትምህርት ቤት በከፈቱ ቁጥር አንድ ክርክር አብሯቸው አደገ። የቦርዱ ዋና ጸሐፊ ሩፉስ አንደርሰን የአገሬው ልጅ በአገሩ ቋንቋ ብቻ መማር አለበት፣ እንግሊዝኛ ያወቀ ወጣት ወገኖቹን ትቶ ወደ ንግድና ወደ ባዕዳን አገልግሎት ይሄዳል ብለው ያምኑ ነበር። በቦስፎረስ ዳር በቤቤክ የሚስዮኑን ሴሚናሪ የሚመሩት ሳይረስ ሃምሊን በበኩላቸው ሰፊው የዓለም ዕውቀት ያለ እንግሊዝኛ አይገኝም፣ ወጣቱን ከቋንቋው መከልከልም ከዕውቀቱ መከልከል ነው የሚል አቋም ነበራቸው። ልዩነቱ እየሰፋ ሄዶ ሃምሊን ከቦርዱ ተለያዩ፤ በክራይሚያ ጦርነት ዘመን ኢስታንቡልን የጎበኙት የኒውዮርክ ነጋዴ ክሪስቶፈር ሮበርት ገንዘብ ስላቀረቡላቸውም፣ በ1863 በአሜሪካዊው ነጋዴ ስም የተጠራውን ሮበርት ኮሌጅን ከፈቱ።

ኮሌጁ በ1864 ከኒውዮርክ ግዛት ሕጋዊ ፈቃድ አግኝቶ በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት በአብዛኛው ያስተማረው የቡልጋሪያ፣ የአርመንና የግሪክ ወጣቶችን ነበር። እነዚህ ተማሪዎች በቤታቸው የሚናገሩት ቋንቋ ልዩ ልዩ ስለነበረ እንግሊዝኛ ማንንም ከማንም ሳያስበልጥ ሁሉንም የሚያገናኝ ቋንቋ ሆነ፤ ቋንቋው ገና ለሚያዳግታቸውም ከኮሌጁ ትምህርት በፊት የሚያልፉበት የመሰናዶ ክፍል ተደራጀ። ሙስሊም ቱርካዊ ተማሪ ከኮሌጁ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመረቀው ግን በ1903 ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን አሜሪካ በክፍሉ ውስጥ በመምህሩ አንደበት፣ በመጽሐፉና በሥርዓቱ ትገኝ ነበር እንጂ ራሷ የምትመረመር ርዕስ አልነበረችም። ተማሪው በአሜሪካዊ አስተማሪ ፊት ሒሳብ፣ ፍልስፍናና የተፈጥሮ ሳይንስ ይማራል፤ የአስተማሪውን አገር ግን እንደ ትምህርት አይጠይቅም።

ከአሜሪካ ጋር የነበረው ይህ ግንኙነት ምን ያህል የተወሳሰበ እንደነበረ የደራሲዋ የሐሊዴ ኤዲብ ሕይወት ያሳያል። ሐሊዴ በ1901 ከኢስታንቡሉ የአሜሪካ የሴቶች ኮሌጅ የተመረቁ ሙስሊም ቱርካዊት ሲሆኑ፣ ኦቶማን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከተሸነፈ በኋላ በ1918 መጨረሻ የዊልሰን መርሆዎች ማኅበርን ካቋቋሙት ምሁራን አንዷ ነበሩ። ማኅበሩ ስሙን ያገኘው ከፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን የሰላም መርሆዎች ነው። በ1919 ክረምት ሐሊዴ የቱርክን የነጻነት ትግል ይመሩ ለነበሩት ለሙስጠፋ ከማል በጻፉት ደብዳቤ አገሪቱ ለጊዜው በአሜሪካ ሞግዚትነት ሥር ብትሆን ከመከፋፈል ትድናለች የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ ሐሳቡ ግን ተቀባይነት ሳያገኝ ቀረና እርሳቸውም ከነጻነት ትግሉ ጎን ተሰለፉ። በኋላ ለዓመታት በስደት ኖረው፣ በአሜሪካም ንግግርና ትምህርት ሰጥተው ከተመለሱ በኋላ፣ በ1940 በኢስታንቡል ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍን የፕሮፌሰርነት ወንበር ያዙ። በአሜሪካ ኮሌጅ የተማሩት ሴት የመሠረቱት ጥናት ግን የሼክስፒርን አገር ሥነ ጽሑፍ የሚመለከት ነበር፤ የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ለብዙ ዓመታት በእንግሊዝኛው ጥላ ሥር የሚሰጥ ቅርንጫፍ ሆኖ ቆየ።

ይህም የቱርክ ብቻ ጉድለት አልነበረም። በራሷ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የአገሪቱ ሥነ ጽሑፍ ከእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ጋር እኩል የሚቀመጥ ነገር ተደርጎ አይታይም ነበር። ታሪክን፣ ሥነ ጽሑፍንና አስተሳሰብን አጣምሮ የአንድን አገር ሥልጣኔ እንደ አንድ አካል የሚመረምረው፣ «የአሜሪካ ጥናት» የሚባለው ዘርፍ መልክ የያዘው ቬርነን ፓሪንግተን በ1927 የአሜሪካን አስተሳሰብ ታሪክ የሚያትት ሥራቸውን ካሳተሙና ሃርቫርድ በ1930ዎቹ የአሜሪካን ሥልጣኔ ታሪክ የሚያስጠና ፕሮግራም ከከፈተ ወዲህ ነው። የዘርፉ ምሁራን ማኅበር የተመሠረተውም በ1951 ነበር። እንግዲህ ዘርፉ ገና በአገሩ ሳይጎለምስ ነው ወደ ውጭ አገር የተሻገረው፤ ያሻገረውም በአመዛኙ የቀዝቃዛው ጦርነት ፖለቲካ ነው።

አሜሪካ በ1947 በትሩማን ዶክትሪን ለቱርክና ለግሪክ እርዳታ መስጠት ከጀመረች በኋላ፣ በ1949 መጨረሻ በሁለቱ መንግሥታት መካከል የፉልብራይት ስምምነት ተፈረመ፤ ይህም ምሁራንና ተማሪዎች በመንግሥት ወጪ በየአገሩ ዩኒቨርሲቲዎች እየተለዋወጡ እንዲያስተምሩና እንዲማሩ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። በዚህ መንገድ የመጡ አሜሪካውያን ፕሮፌሰሮች የአገራቸውን ሥነ ጽሑፍና ታሪክ በቱርክ ዩኒቨርሲቲዎች ማስተማር ያዙ። በ1956 አንካራ ላይ የተመሠረተው የመካከለኛው ምሥራቅ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ትምህርቱን በሙሉ በእንግሊዝኛ በማድረጉ፣ በሚስዮን ኮሌጅ ግቢ ተወስኖ የነበረው የቋንቋ መሰናዶ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተሸጋገረ። በዚያው ዘመን የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ በኤርዙሩም የአታቱርክ ዩኒቨርሲቲን ለማቋቋም ይረዳ ነበር። ይህ ለኢትዮጵያ ታሪክ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የአለማያ የእርሻ ኮሌጅም በ1952 በተፈረመ ስምምነት በኦክላሆማ እርዳታ የተቋቋመ ሲሆን፣ ኔብራስካም ኦክላሆማም ይዘውት የመጡት አንድ ዓይነት ንድፍ ነበር። ንድፉ በ1862 በወጣ ሕግ የፌዴራሉ መንግሥት መሬት እየሰጠ ያቋቋማቸው፣ ማስተማርን፣ ምርምርንና ገበሬን ማማከርን በአንድ ላይ የሚይዙ የአሜሪካ ግዛት ኮሌጆች ንድፍ ነው። በኢትዮጵያ ግን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ራሱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ የቋንቋው ዝግጅት በዋናነት በዚያ ላይ ወደቀ፤ አብዛኛው ወጣት በቱርክኛ ብቻ ተምሮ በሚመጣባት በቱርክ ሸክሙን የተሸከመው ዩኒቨርሲቲው ሆነ።

ቋንቋውን የሰጠ አካል ተማሪው በቋንቋው ምን እንደሚያደርግበት መወሰን እንደማይችል ግን ብዙ ሳይቆይ ታየ። በጥር 1969 አዲሱ የአሜሪካ አምባሳደር ሮበርት ኮመር፣ ቀደም ሲል በቬትናም የጦርነቱን ሲቪል ዘርፍ ይመሩ የነበሩት፣ የመካከለኛው ምሥራቅ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲን በጎበኙበት ዕለት ተማሪዎች መኪናቸውን አቃጠሉባቸው። ድርጊቱ የተፈጸመው በእንግሊዝኛ በሚያስተምረው፣ በአሜሪካ አርአያነት በተደራጀው ግቢ ውስጥ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። በዚያው አሥርት ዓመት ሌላ አሜሪካም በኢስታንቡል ትኖር ነበር። ጥቁር አሜሪካዊው ደራሲ ጀምስ ቦልድዊን ከ1961 ጀምሮ ወደ ከተማዋ እየተመላለሱ ለዓመታት ኖረዋል፤ «ሌላ አገር» የተባለውን ልብ ወለዳቸውንም የጨረሱት እዚያ ነው። አምባሳደሩ የሚወክሏት አገርና ደራሲው በርቀት ሆነው የሚመረምሯት አገር ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ገጽታቸው የተለያየ ነበር፤ የትኛዋ አሜሪካ ትጠና የሚለው ጥያቄም በዘርፉ ውስጥ የበረታው ከዚህ ዘመን ወዲህ ነው።

በ1971 የሮበርት ኮሌጅ የከፍተኛ ትምህርት ክፍልና ግቢው ለቱርክ መንግሥት ተላልፎ የቦስፎረስ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በ1981 የወጣው ሕግ የከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤትን አቋቁሞ ዩኒቨርሲቲዎቹን በአንድ ሥርዓት ሥር ካደራጀ በኋላ ደግሞ፣ የአሜሪካ ባህልና ሥነ ጽሑፍ እንደ አንካራ፣ ሐጀቴፔ፣ ኤጌና ኢስታንቡል ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል ሆኖ ቆመ። በ1988 የቱርክ የአሜሪካ ጥናት ማኅበር ተመሠረተ፤ የማኅበሩ መጽሔትም በ1995 መታተም ጀመረ። ከዚህ በኋላ የሚያስተምሩት፣ የሚጽፉትና የሚከራከሩት በአብዛኛው ቱርካውያን ምሁራን ስለሆኑ፣ አሜሪካ ከአስተማሪነት ወንበሯ ወርዳ በሌሎች የምትመረመር ትምህርት ሆነች ማለት ይቻላል።

ዛሬ ወደ ክፍሉ መግባት የሚሻ ወጣት በአገር አቀፉ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ላይ የውጭ ቋንቋ ፈተና ተጨማሪ ሆኖ ይቀርብለታል፤ ይህ ማለት ከመነሻውም ቋንቋ የሚያዘወትር ተማሪ ነው። እንዲህም ሆኖ የመግቢያ ፈተናው በዋናነት የሚለካው ማንበብን፣ ቃላትንና ሰዋስውን በምርጫ ጥያቄ ስለሆነ፣ ዩኒቨርሲቲው በበኩሉ መጻፍን፣ ማዳመጥንና መናገርን ጨምሮ የሚመዝን ከመሰናዶው ነጻ የሚያደርግ የራሱን ፈተና ያዘጋጃል። ፈተናውን ያለፈ በቀጥታ ወደ አንደኛ ዓመት ይሄዳል፤ ያላለፈ እንደ ደረጃው ተመድቦ በሳምንት ብዙ ሰዓት ቋንቋ ይማራል። ይሁን እንጂ በመሰናዶው የሚለመደው የዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ ሲሆን፣ አንደኛ ዓመት ሲገባ የሚጠብቀው የ1630ው የጆን ዊንትሮፕ ስብከት፣ የ1776ቱ የነጻነት አዋጅና ከባርነት ያመለጡት ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1845 ያሳተሙት የሕይወት ታሪክ የተጻፉበት ከበድ ያለ እንግሊዝኛ ነው። በቋንቋ ማወቅና በጽሑፍ ማንበብ መካከል ያለው ይህ ክፍተት ለተማሪው የመሰናዶው ትርጉም በትክክል የሚገለጥለት ቦታ ነው።

የነጻነት አዋጁን ያነበበ ተማሪ ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል የሚለውን ቃል ከዳግላስ ምስክርነት ጎን ሲያስቀምጥ፣ አሜሪካ ስለ ራሷ የምትናገረውን በራሷ ልጆች ቃል ይመዝናል። በትርጉም ብቻ ቢያነብ ኖሮ በተርጓሚው ምርጫ ይወሰን ነበር። ሩፉስ አንደርሰን የፈሩት፣ ቋንቋ ወጣቱን ከወገኖቹ ይነጥለዋል የሚለው ስጋት ጨርሶ መሠረት የለሽ አልነበረም፤ በውጭ ቋንቋ ማስተማር ዛሬም በቱርክ ማከራከሩ ለዚህ ምስክር ነው። ሃምሊን የተከራከሩለት ቋንቋ ግን እርሳቸው ካሰቡት አልፎ ሄዷል፤ እርሳቸው የዓለምን ዕውቀት ወደ ተማሪው ለማምጣት የፈለጉትን መሣሪያ፣ ተማሪው መሣሪያውን የሰጠችውን አገር ለመመርመር ተጠቅሞበታል። የዛሬው ተማሪም ይህንኑ ረጅም ጉዞ በአምስት ዓመት ያጠናቅቀዋል፤ በመሰናዶው ዓመት ከአሜሪካ ቋንቋ ይቀበላል፣ በቀሩት አራት ዓመታት ደግሞ በተቀበለው ቋንቋ አሜሪካን ይጠይቃል።