ዙፋን ችሎትና ፍትሐ ነገሥት

በዘመነ መንግሥት የመጨረሻው ይግባኝ የሚሰማው በዙፋን ችሎት፣ ማለትም ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ በሚያስችልበት ጉባኤ ሲሆን፣ ከሁሉ በላይ የሚጠቀሰው የተጻፈ ሕግ ፍትሐ ነገሥት ነበር። ይህ መጽሐፍ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግብፁ ቅብጥ ሊቅ ኢብን አል ዐሳል በዐረብኛ ያጠናቀረውና ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰ፣ መንፈሳዊውንና ሥጋዊውን ጉዳይ በየክፍሉ የያዘ ነው። ተራው ባለጉዳይ ግን ግዕዙን ስለማይረዳ፣ ሕጉ የሚፈቅደውንና የሚከለክለውን የሚያስረዱት በትርጓሜ ቤት አንቀጹን ከነአንድምታው፣ ማለትም ከነአማራጭ ፍቺው፣ የተማሩ ሊቃውንት ነበሩ፤ የሕጉ ቃል ወደ ፍርድ የሚደርሰውም በእነርሱ አንደበት ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ሊደነቅ የሚገባው የአፈራረዱ ቅደም ተከተል ነው፤ በማዕረግ ዝቅ ያለው ዳኛ አስቀድሞ ሐሳቡን ይሰጥና ተራው ወደ ላይ እየወጣ ንጉሠ ነገሥቱ በመጨረሻ ይፈርድ ነበር፣ በዚህም ታናሹ የታላቁን ፊት አይቶ ከመናገር ይጠበቅ ነበር። እርግጥ የመጨረሻው ቃል የንጉሡ በመሆኑ ይህ ጥበቃ ሙሉ አልነበረም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3347 በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ የነበሩትን የተጻፉና የልማድ ደንቦች ሲሽር፣ ዙፋን ችሎቱ ግን እስከ 1966ቱ አብዮት ዘለቀ። ቀድሞ በሊቃውንቱ አንደበት የነበረውን ሕግ የመተርጎም ሥራ በተመለከተ ደግሞ በ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 454 ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች እንዲያስገድድ ደነገገ።